ስርጉድ ጣሳ

አምና በዚህ በር ላይ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ምቢታ፣
ስም በስም ላይ ተጭኖ በምስማር ተመታ፤
ከአንድ እስከ ስድሳ ሁለት፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
ፊተኛው ደምቆ ታይቶ፣ ኋለኛው ተረስቶ።
መረሳትስ ደግ ነበር፤
አዶዮ ሃምሳ ዘጠኝ። ዝናቡ እስኪያጥበው
ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሟን ስትገባ አየችው።

ዘንድሮ መጽሐፉ መጣ አዲስ ልብስ ለብሶ፤
«ልጁ ይሥራ፣ ይንካ» ይላል፣ ሽምደዳን ወቅሶ።
ተራ ቁጥር ቀርቷል፤ አራት ሳጥን ብቻ፦
ከሚጠበቀው በላይ፣ ልክ የሚጠበቀው፣
የተቃረበ፣ ገና።
መምህርት አፖንዲ ወደደችው፤ እውነት ወደደችው።
ከኪሱሙ ሥልጠና በማታቱ ስትመለስ
ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አነበበችው፣
እንደ ደብዳቤ፣ መንገዱ እስኪጨረስ።

የመጀመሪያው ምዘና፦ የወፍ ማስፈራሪያ መሥራት።
ሰኞ ጠዋት በግቢው ቆሙ፣ በሰልፍ፣ በኩራት፤
አንዱ ከረባት አስሯል፣ አንዱ ባርኔጣ ደፍቷል፣
የኦጉቱ እንዲያውም ሱሪው ካውያ ነክቶታል።
አባትየው በሩ ላይ፣ አውራ ጣቱን በጨርቅ አስሮ፣
«ስንት አመጣን?» ይላታል፣ እንደ ተፈታኝ ተሸብሮ።
ለአባት የሚሆን ሳጥን ቅጹ ላይ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ይዘት መለካት። ከገበያ ተዋሰች
ሁለት ጎሮጎሮ፤ ኦሜና የሚሰፈርበት
የሁለት ኪሎ ጣሳ፣ ዝገትና ዓሣ የሚሸት።
«አንዱን በውሃ ሞልታችሁ ገልብጡት ወደ ሌላው፤
እኩል ናቸው? አይደሉም? ያያችሁትን ጻፉ።»

ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ። ጫማ ያለው ጫማው፣
የሌለው እግሩ ራሰ። ሳቁ፣ ተገፋፉ።
ከዚያ ጸጥ ብለው፣ አንገት አቀርቅረው፣
ስድሳ አንዱ «እኩል» ጻፉ፤
መምህር ምን እንደሚወድ ልጅ ቀድሞ ያውቃልና፣
የመምህር መምሪያውም «እኩል» ይላልና።

የአዶዮ ወረቀት ባዶ።
ጣሳውን ደፍታ፣ አውራ ጣቷን ቂጡ ላይ አሳርፋ
ስርጉዱን ትዳስሳለች።
«ይሄኛው ተመትቷል፣ መምህርት፤ ከሥር ወደ ውስጥ፣ በድንጋይ።
እናቴ በዚህ ስትገዛ ሁሌም ይጎድልባታል፤
ሰፋሪዋ ትምላለች፣ እጄ ንጹሕ ነው ትላለች።
እውነቷን ነው። እጇ አይደለም፣ ጣሳው ነው የሚሰርቀው።
ዓሣው ሳይሰፈር በፊት ለምን ጣሳው አይታይም?»

አፖንዲ በእጇ ያለውን ቅጽ
ገልብጣ አየችው። ከጀርባው ምንም የለም።

ማታ ጉብታው ላይ ወጣች፣ ኔትወርክ ፍለጋ።
ታች ሐይቁ ላይ የአጥማጆቹ ፋኖስ
ሌላ ከተማ መስሎ ተዘርግቷል።
ስልኩ ይጠይቃል፦ አዶዮ፣ ከአንድ እስከ አራት?
በመምሪያው ከሆነ፣ ባዶ ወረቀት አንድ ነው።
መጽሐፉን ቀይረዋል፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ግን
ያው የድሮው ፈተና ወንበሩን ስቦ ተቀምጧል፤
አዲስ ማሳ አርሰው በድሮው ቁና ሊሰፍሩ።

አራትን ነካች።
«ማስረጃ ያያይዙ» አለ ስልኩ።
የጣሳውን ቂጥ ፎቶ፣
የልጅቱ አውራ ጣት ስርጉዱ ውስጥ ገብቶ፣
ሰደደችው።
ክቡ ዞረ፣ ዞረ፤ ሰባት በመቶ ላይ ቆመ።
ድንጋይ ላይ ወጥታ፣ ስልኩን ወደ ላይ አንስታ፣
ክንዷ እስኪዝል ጠበቀች።