አርባ ስምንት

ኪቶ ፉርዲሳ ላይ፣ ከወርክሾፑ ጓሮ፣
ዝናቡ ቆርቆሮን ሲደበድብ አድሮ፣
ራዊያ ተንበርክካ መሬት ትለካለች፤
ከሲሚንቶው በታች መዳብ ቀብራለች፣
እንደ ሰፌድ አክርማ ዙሮ የተጠመጠመ።
ነጂብ አባ ዲጋ ባጃጁን አቆመ፤
እንደ ልማዱ ነው፤ አንድ ጎማው ከውጪ።
«መሀል ላይ ነጂቤ!»
«መሀሉ የቱ ነው? በይ መብራት አምጪ!»

በሁለቱ መዳብ መሀል አራት ጣት አየር፣
ድልድይ እንዳልሠሩለት እንደ አዌቱ ዳር፤
ኃይሉ ይሻገራል፣ አይታይም ሲሄድ፤
የሚያሳጣው ቮልት ነው፣ ሲዋልል፣ ሲናድ።
አርባ ስምንት ትሻለች፤ አርባ ስምንት ብቻ።
ሠላሳ አንድ ይላታል፤ የተነፈሰ ስልቻ።

ቁጥር ጸሐፊው እኔ፣ ደብተሬን ይዤ፣
«ይጠጋ» አልኩ፤ በክሪክ አወረድኩ፣ ራሴን ታዝዤ።
አራቱ ጣት ሁለት ሆነ፤ እፎይ ልል ስል፣
ቁጥሩ ጭራሽ ወረደ፤ ቀርቦም ሲጎድል።

ራዊያ ሳቀች። «መቅረብም ያሳጣል፤
እንደ ክራር ጅማት፣ ሲጠብቅ ከቅኝት ይወጣል።»

ወንድሜን አሰብኩት። ሄርማታ፣ አንድ ክፍል
ተጋርተን ስንኖር፣ ሰላምታ እንኳ ሳንካፈል።
አጋሮ ሲሄድ ነው መደወል የጀመረ፤
እኔ ነኝ ያላነሣሁ፤ እሱማ ሞከረ።

ከባጃጁ ሆድ ውስጥ ቁራጭ ሬዲዮ አለች፤
በሴኮንድ መቶ ጊዜ ወደ ታች ትልካለች፦
«አነሰኝ»፣ «በዛብኝ»፣ «ይበቃል»፣ «ጨምር»፤
የታቹ ይሰማታል፤ ሳይኮራ፣ ሳያማርር።
ሰጪ ካደመጠ ነው ቮልቱ የሚጸና፣
መንገዱ ባይቀና፣ ጎማው ባይቃና።

ከጅሬን በኩል ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ፤
ጄኔሬተሩ አጓራ፤ ቁጥሩ ቆመ፣ ደከመ፣
ሃያ ሰባት፣ አርባ ሁለት፣ ሃምሳ አንድን አለፈ፣
ተመለሰ፣ ተንገዳገደ፣
አርባ ስምንት ላይ አረፈ።

ነጂብ ቁጥር አያይም፤ ጃኬቱን ተከናንቦ
ከኋላ ወንበር ተኛ፤ ባጃጁ ዘመመ፣ ሞላው ረግቦ፤
ሲገላበጥ ክፍተቱ ይጠባል፣ ይሰፋል፤
ቁጥሩ ግን አይነቃም፤ አብሮት ያንቀላፋል።

ስልኬን አወጣሁና፣ ሌሊት ነው፣ መለስኩት።

ራዊያ ከሲሚንቶው ተነሣች፣ ጉልበቷ ጭቃ፤
«ነገም አጣሞ ያቁም» አለች፤ በቃ።