የባቄላ ከተማ

አውቶቡሴን አቁሜ፣ ልጆቹን አድርሼ፣
ከክፍሉ ጥግ ቆምኩኝ እርጥብ ኮት ለብሼ።
ዌላንድ ላይ ሲዘንብ የሚያስቸኩል የለም፣
መምህርት ኦዲልም «ግባ» አሉኝ እንጂ «ሂድ» አላሉኝም።

ትልቅ የብረት ትሪ ጠረጴዛ ሞልቶ፣
አሸዋ ነው እንጂ ምግብ የለም ከቶ።
በእጃቸው ከረጢት፣ ግማሽ ኪሎ ባቄላ፣
ጣሳ ሙሉ ውሃ ከወንበሩ ኋላ።

«ይኸኛው ኤሪ ነው፣ ከፍ ያለው ሳህን፤
ያኛው ኦንታሪዮ፣ ዝቅ ብሎ ይታየን።
መካከሉ ናያጋራ፣ ገደሉ፣ ጩኸቱ፣
መርከብ ፏፏቴ አይወጣም በስንት ብልሃቱ።
ምን ይሻላል ልጆች?»
                    «ጀልባውን መሸከም!»
አለ ሚርኮ ፈጥኖ፤ ክፍሉ ሳቀ በጣም።
«ሞክረውት ነበር። ወገብ አይችለውም።»

በማንኪያ ጫፍ ጫሩ አንድ ቀጭን መስመር፣
ደረጃ አበጁለት፣ በየደረጃው በር።
«ውሃ ሲሞላበት ጀልባ ከፍ ይላል፣
ሲጎድልም ዝቅ፤ ባለጀልባው ቆሞ ይጠብቃል።
እዚህ ላይ ነው ልጆች ነገሩ ሚጀምር፦
የቆመ ሰው ይርበዋል፣ ይበርደዋል ከበር።
በሉ ባቄላ ያዙ፤ ለያንዳንዱ አንድ ቤት፣
ከየትም ይተከል፣ ደስ ባላችሁበት።»

ዦፊ ከበሩ ሥር፦ «እኔ አጃ ልሽጥ፣
ለጎታቹ ፈረስ፣ ገመድ ስቦ ሲያምጥ።»
ላዮነል አጠገቧ፦ «ጫማ ለፈረሱ!»
ሁለት ልጆች፦ «ሬንጅ፣ ጀልባ ለሚያድሱ።»
«ማደሪያ» አለች ዴልፊን፣ «አልጋ በሃያ ሳንቲም፣
ግን እግር ሳይታጠብ መግባት አይቻልም!»
ሚርኮ ግን ቆይቶ፣ ባቄላውን ልሶ፣
«ፖሊስ» ሲል ጨመረ፣ ሁሉን በዓይኑ ዳስሶ።
ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ትምህርት ቤት፣
ማንም ሳያዛቸው፣ ውሃው ባለፈበት፣
ባቄላ ተኮልኩሎ ከተማ ሆነበት።

«የእኛም እንዲህ ነች» አሉ መምህርቷ፣
«'የውሃ ድልድይ' ነበር ስሟ በልደቷ፤
በእንጨት ገንዳ አዝለው ቦዩን በወንዙ ላይ፣
ውሃ በውሃ ጀርባ ሲሻገር የሚታይ።»

ከመሀል ከተማ ሁለት ማማ አለ፣
መንገዱን ለመርከብ ሽቅብ ያንጠለጠለ።
ሰባት ዓመት ሙሉ በሥሩ ነድቼ፣
«ምንህ ነው?» አላልኩም አንድ ቀን አይቼ።

ዦፊ እጇን አወጣች፦ «ውሃው ቢሄድስ?»
ዝናቡ ብቻ ተሰማ።
«ቦዩ ሠፈር ቢለቅስ?»

«ለቋል እኮ፣ በፈረንጅ ሰባ ሦስት፤ ከምሥራቅ ቆፈሩ፣
ድልድይ እስኪነሣ መርከቦች እንዳይታጎሩ።»
በማንኪያው ጀርባም ሌላ መስመር ጫሩ፣
ውሃውን መለሱት። ባቄሎቹ ቀሩ።

ዦፊ ነጋዴ ነች፤ ባቄላዋን አንሥታ
አዲሱ ቦይ ዳር ተከለች ባንዳፍታ።
ሚርኮ ሁለት ቤት እንዲኖረው ጠየቀ፤
ላዮነል የራሱን በመዳፉ ደበቀ።
«ፈረሱ ሄደ እኮ፤ ማን ይመጣልሃል?»
«አይምጣ። አልጋዬ እዚህ ተነጥፏል።»

መምህርት ኦዲል ደብተራቸውን ገለጡ፣
ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ መልስ ግን አላመጡ።
ደወሉም ጮኸ። ትሪው መስኮት ሥር ተረሳ።

ከዚያ ወዲህ ድልድዩ ላይ ፍጥነት እቀንሳለሁ፣
ከኋላ ጡሩምባ ሲነፉ እሰማለሁ።

በአሥረኛው ቀን፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ሰበብ ፈልጌ፣
ገባሁ፣ «ጓንት ረሳሁ» ብዬ፣ ጓንቴን ኪሴ አድርጌ።
ልጆቹ ትሪውን ከበዋል ተንበርክከው፦
ባቄላው በቅሏል፤
የዦፊ አንዲት ለብቻዋ፣ ከወዲያኛው ማዶ፣
የቀረው በሙሉ በአሮጌው ቦይ ዳር፣ አሸዋውን ቀድዶ።
ላዮነል ጉንጩን ከትሪው ጠርዝ አስደግፎ፣
አንዱን ቅጠል በትንፋሹ እፍ ብሎ አራግፎ፣

«ፎቅ ሠራሁ» አለ።