የኋላ ቀኝ እግር

ዓለም ገና ዳር፣ ከድልድዩ በታች፣
ሰማያዊዋ ሚኒባሴ በክሪክ ተሰቅላለች፣
እንደ ታመመች በቅሎ አንድ እግሯን አንስታለች።

ሐምሌ ነው፤ ጭቃው ከያዘ አይለቅም።
ረጋሳ ከሥሯ በጀርባው ተኝቶ፣
ሲያንኳኳ ቆይቶ፣ ሲያላውስ ቆይቶ፣
አክስሉን መዘዘው፤
እንደ ሰይፍ አይደለም፣ እንደ ጥርስ ነቀለው፣
ጆንያ አንጥፎ በግሪስ እጁ አጋደመው።

«ና እየው» አለኝና ጥፍሩን ሰደደበት፣
ኩሽኔታው በልቶ በቦረቦረው ቀለበት።
ጥፍሩ ገብቶ ጠፋ። ሳልፈልግ አየሁት።

«ጥርሱም የሽማግሌ ድድ መስሏል።
ስንሻው ቶርኖ ቤት በብየዳ ይሞላዋል፣
ይልገዋል፣ ያስተካክለዋል፤ ለማታ ይደርሳል፤
አራት ሺህ ይበላል።
ወይ ደግሞ ሶማሌ ተራ፣ ከታረደ መኪና የወጣ፤
ሃያ ሁለት ሺህ፣ ከነደላላው ሲመጣ።»

«ብየዳው ይበረክታል?»
ዝም አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ።
«ብረት የቀመሰውን እሳት አይረሳም» አለ በመጨረሻ፣
«ይሄዳል፤ እስኪሰበር። እኔ አላውቅም የሱን መድረሻ።»

ቅዳሜ ዕቁብ አለ።
ልቤ ከአራቱ ሺህ ጋር ተማክሮ ጨርሷል።
ሰበታ ጀሞ፣ ጀሞ ሰበታ፣ ስንት ምልልስ
ሃያ ሁለት ሺህ እስኪመለስ!
ደግሞ ሌላ ቁጥር መጣብኝ ሳልጠራው፦
አሥራ ሁለት ወንበር፣ ሲመሽ አሥራ ስምንት ሰው፤
ከዚያች ከኋላ ቀኝ እግር በላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣
አበባ እርሻ የምትሠራዋ ልጅ፣ እንቅልፍ የሚጥላት፣
መስታወቱ ግንባሯን ቢመታት የማይቀሰቅሳት።

ቁልፍ አቀባዩ ልጅ ኩሽኔታ በናፍጣ ያጥባል።
«አንተስ ምን ትላለህ፣ ምትኩ? ይጠገን ወይስ ይተካ?»
ስሙን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ለካ።

ረጋሳ ቀና አለ። ልጁ እጁን በጨርቅ ጠረገ።
«እኔን ወንድሜ በሞተ በዓመቱ ነው የወለዱኝ፤
በሱ ቦታ ብለው ሰየሙኝ።
እናቴ ግን እስካሁን
ሳህን ስታወጣ አንድ ታስበልጣለች።»
ሌላ አልጨመረም። ኩሽኔታውን በጣቱ አሾረ፣
ድምፁን አዳመጠ።

ስልኬን አወጣሁ። ደላላው «አለ፣ ንጹሕ ነው፣ የተነካ አይደለም።»
ዋሽቷል። ሶማሌ ተራ ያልተነካ ዕቃ የለም።
የዕቁቡን ዳኛ ለመንኩት፤ ሰደበኝ፤
አንድ ሳምንት ሰጠኝ።

በማግስቱ ገባ፣ የማላውቀውን መንገድ ሲሄድ የኖረ ብረት።
መጀመሪያ አንቋቋ። ከረዩ ጋር ስንደርስ ተወው።
አሮጌውን ቁራሌው በኪሎ ሊወስደው ሲመዝነው፣
«እኔ ልውሰደው» አለ ምትኩ፣
«ጫፉ ቢሳል ለአባቴ ድጅኖ ይወጣዋል።»

ትከሻው ላይ አጋደመው፤ ከቁመቱ ብዙም አያንስ፤
ጭቃውን እየመረጠ ወጣ።
ክብደቱ ወደ ቀኝ አዘነበለው፤
ድልድዩ ላይ ቆም ብሎ
ወደ ግራ ቀየረው።