ዘግይታ የምትስቅ

የኦልድሃም ሰው ነው፣ ክሊፈርድ ቴትሎው፣
የጥጥ ፋብሪካ ብናኝ ሳል ያወረሰው፤
ቀን አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲበሳ ውሎ፣
ማታ ቀልድ ይጽፋል ከትኬቱ ጀርባ፣ እርሳስ አሹሎ።

ማንችስተር፣ ራዲዮ ጣቢያ፣ ምድር ቤት፤
ፈረስ ቢያስፈልግ ሁለት የኮኮናት ቅርፊት፣
ዝናብ ቢያስፈልግ ደረቅ አተር በወንፊት።
አገር በሳቅ ሲፈርስ ተዋናዩ ከበረ፤
የደራሲው ስም ግን መጨረሻ ነበረ፣
ሰው ሻይ ሊጥድ ሲነሳ።

ማቪስ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከነካፖርቷ፣ ትቀመጣለች፤
ሰው ስቆ ሲያበቃ እሷ ትጀምራለች፤
እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ የምትል ሳቅ፣
ብቻዋን፣ ከሁሉ በኋላ፣ ሳትሳቀቅ።
«ዘገየሽ» ይላታል፣ ወደ ቤት ሲሄዱ፤
«አላምጬ ነው የምውጥ፣ ይጣፍጣል ቀልዱ።»

ቴሌቪዥን መጣ። ለንደን ገባ፣ ከራባት አሰረ፤
የአለቆች ቀይ እርሳስ ቀልዱን መነጠረ፤
በስድስት ዓመት ጸጉሩን ሸኘ፣
በሰባተኛው ማቪስን ቀበረ።
ከዚያ የጻፈው ሁሉ ነጥቡ ልክ፣ ሰረዙ ልክ፤
ሳቅ ግን የለው፣ እንደ ደረሰኝ፣ እንደ ቼክ።

ዛሬ ሰማንያ አንድ ሞላው። የጡረተኞች ቤት ሳሎን።
ሾርባው ቀዝቅዟል። ቴሌቪዥኑ ያወራል፣
ጎረምሳ የጻፈው፣ ስለ አማት፣ ውሃ የበዛበት ቀልድ፤
ሳቁ ግን የድሮ፣ ከመጋዘን የወጣ፣ በቴፕ የተቀዳ፦
ጎርፎ መጣ፣ አለፈ፣ ጸጥ አለ።
ከዚያ፣ ሲጢጥ።

ክሊፈርድ ማንኪያውን አስቀመጠ።
ቀልዱን ንቆታል፤ ሙያው ነውና ያውቃል።
አስተዋዋቂዋ ዜና ጀምራለች፤
እሱ አሁን ይስቃል።