«ጠፋ»

ኬንታኪ፣ ከገደል ሥር፣ ከጎማ ሻጩ አጠገብ
ሁለት ክፍል ክሊኒክ፤ ቬልማ ትሞላለች መዝገብ።
ስም፣ ዕድሜ፣ የሳንባ ዕጢ፣ የመድኃኒቱ ዙር፤
ሰው ሁሉ እዚህ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው የሚያድር።
መጨረሻው ዓምድ ጠባብ ነው፣ ሦስት ቃል ብቻ ያውቃል፦
«አለ»፣ «ሞተ»፣ «ጠፋ»።
ሆባርት ጋ ሲደርስ ብዕሯ ይጠብቃል።

የከሰል ቆፋሪ፣ ሰባ አንድ ዓመቱ፤
አራት ዙር ወሰደ፣ አምስተኛውን ቀረ፤ ስልክ አይነሳ ከቤቱ።
ትልቁ ሆስፒታል የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤
«እዚያ ሳሌን ይለካሉ፤ እዚህ ‹ውሻህ ደኅና ነው?› ትላላችሁ» ያለ እሱ ነው።

«ጠፋ» ብላ ጻፈች።

ማክሰኞ መጣ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ፤
የኦክስጅኑን ሲሊንደር እንደ ልጅ አዝሎት፣ ርጥብ ነው ኮቱ።
«ጎርፉ ድልድዩን በላው» አለ፤ ሳለ፤ ደግሞ አለ፦
«በእግሬ ዞርኩ፤ ትንፋሼ ነው ዘግይቶ የተከተለ።»

በኔ ቋንቋ «ጠፋህ!» ሰላምታ ነው፣ ለናፈቁት ሰው የሚሉት፤
ቬልማ ይህን አታውቅም። ወንበር ሳበችለት፤
ክንዱን ገልጦ ሰጣት።
ቃሉን አጥፍታ «አለ» ብላ ጻፈች።
«እስከ ዛሬ» የሚል ዓምድ ፈለገች፤ የለም።

«ውሻህ ደኅና ነው?» አለችው።