ሀ እና ለ

የሪዮኒ ወንዝ ሞልቶ፣ በኩታይሲ ማታ፣
ማቅቫላ ጻፈችው የድልድዩን እኩልታ፤
በግራ ክብደቱ፣ ገመዱ፣ ንዝረቱ፣
በቀኝ የነፋሱ ግፊት፣ ሳይን ነው ስልቱ።

«መልሱን ባናውቅ እንኳ መልኩን አናጣም፤
ሳይን የገፋው ነገር ከሳይን ቤት አይወጣም።
ኮሳይን ሀን ይያዝ፣ ሳይን ለን ይሸከም፤
ስም ብቻ ይበቃል፣ ዋጋ ገና የለም።»

ሁለቴ ደሪቬቲቭ ወስደው፣ ተክተው፣ ደምረው፣
ግራው ድራሹ ጠፋ፤ ዜሮ ብቻ ቀረው።
ዜሮ ከነፋስ ጋር እኩል ነው ይላል ሰሌዳው!

ከኋላ ወንበር ላይ ኦቲያ ጉሮሮውን ጠረገ፣
ሠላሳ ዓመት የድልድይ ዘብ፣ ጉልበቱ ያረገረገ፤
«ነፋሱ የድልድዩን የገዛ ውዝዋዜ ሲያገኝ ነው» አለ፤
«አውቀዋለሁ። ጣውላው ከእግሬ ሥር ዘለለ።»

ማቅቫላ ግምቱን ሳትሰርዝ በጊዜ አባዛች፤
እንደገና ተካች፣
እንደገና አወጣች፤
ለ ዜሮ ሆና ቀረች፣
ሀ ግማሽ፣ ከዜሮ በታች።

«ጊዜ ገባበት እንግዲህ፤ እስከ መቼ ያድጋል?»
«ይህን እኩልታው አያውቅም፤ ገመዱ ይናገራል።»

ኦቲያ ተነሥቶ
መስኮቱን ዘጋ።