ጀርባ

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አውቶፓርኮ ጥጉ ላይ፣
አራት አሮጌ መኪና፣ ጤዛ ያዘለ ከላይ፣
ኮፈናቸውን ከፍተው ይሞቃሉ ፀሐይ።
የኔዋ ቮልስ ብቻ፣ የሃምሳ ስድስቷ፣
ሞተሯ ከኋላ፣ በጀርባዋ አንጀቷ፣
ሰው ፊቷን ሲጠብቅ ወደ ግንቡ ዞራ፣
እንደ ኮረፈች ምራት ቆማለች በጎራ።

የሻረግ መጣች፣ እጇ ላይ ካቻቪቴ፣
(የላብራቶሪ ሰው፣ ደም የምትቆጥር ማለቴ)
የፊያቷን ካርቡራተር እንደ ጨቅላ ጠቅልላት፦
«ጎንደር ከባሕር በላይ ከሁለት ሺ ሜትር በላይ ናት፤
አየሩ ስስ ነው እኮ፣ ቤንዚን አታብዙባት።
የጂግለሩን ቀዳዳ አንድ ቁጥር ቀንሱ፤
ካንዴላው ከጠቆረ፣ ጥጋብ ነው መንፈሱ።»

ፈንታሁን ከደባርቅ፣ ላንድሮቨሩን ተደግፎ፦
«ሊማሊሞን ስወርድ ፍሬን የከዳኝ ለት፣
በማርሽ ነው የያዝኳት፣ በማርሽና በስለት።
ከዚያ ወዲህ ከፊት ዲስክ ፍሬን ገጠምኩላት።
ዋናው ዕቃ አይነካ የምትሉ እናንተ፣
እኔ ነኝ ዋናው ዕቃ፤
መለዋወጫ የለው አንድ ጊዜ ከሞተ።»

አንሙት የባጃጅ ልጅ፣ ጢሙ ገና ያልበቀለ፣
የቮልሴን መብራት አይቶ ራሱን ነቀነቀ፦
«ስድስት ቮልት ይዘህ ማታ አዘዞ ልትወርድ?
ሻማ ለኩሶ በእግር አይሻልም መሄድ?
ዲናሞዋን ቀይር፣ አምፖሉን፣ ቦቢናውን፤
ሞተሪኖው ይችለዋል፣ ተወው እንዳለ እሱን።»

ጋሽ መርዓዊ ዝም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣
ሞራ የጋረደው ዓይኑን ወደ ድምፁ ገልጦ።

በልጅነቴ እኔ የእሱ ባትሪ ያዥ ነበርኩ።
ፍሬን ፈታሁ፣ ጎማ ለጠፍኩ፣ ማርሚታ ተሸከምኩ።
ፑንቲናው ሲደርስ ግን፣
እሳቱን ሰዓት ማስያዝ፣ ያቺ ቅጽበት ስትሞላ፣
«ሂድ ውሃ አምጣ» ይለኛል፤ ይዞራል ወደ ኋላ።
ያ ሰፊ ጀርባው፣ ቱታው ላይ ያለች ቀዳዳ፣
የማላነበው መጽሐፍ፣ የተዘጋ ግድግዳ።
የፋሲል ግንብ እንኳ በር አለው ለእንግዳ!
ውሃ ይዤ ስመለስ ሞተሩ ይዘፍናል፤
እሱ እጁን ይጠርጋል።
ስንት ዓመት ቂም ያዝኩኝ፤ «ይሄ ሰው ሙያውን
ይዞት ሊቀበር ነው» እያልኩ፣ ለራሴ ብቻዬን።

ዛሬ የሻረግ ናት ፊት ለፊት የጠየቀች፤
«ጋሼ፣ እሳቱን ሰዓት እንዴት ታስይዛለህ?» አለች።
ሳቀ ጋሽ መርዓዊ፣ ሳሉ እስኪያቋርጠው።
«እኔስ መች አውቄው!
ጣሊያኑ አለቃዬም ጀርባውን ነው የሰጠኝ፤
ሳያሳየኝ ሄደ፤ መኪናው ግን መጣብኝ።
በግምት ነበረ። ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወዲያ፣
ጆሮዬን ጥዬ፣ ማርያምን ጠርቼ በዚያ።
አንተን» — ወደኔ ዞሮ — «አንተን ውሃ የላክሁህ፣
ስሳሳት እንዳታየኝ ነው፤ አፍሬ ነው የሸሸሁህ።»

ማንም አልተናገረ። አንሙት አምፖል አወጣ፦
«ይቺ ብልጭ ስትል እሳቱ ጊዜው መጣ፤
መጽሐፉ ያለው እዚች ጋ ነው» ብሎ አሰረና፣
እኔ የሽማግሌውን እጅ ያዝኩና
አኖርኩት ስፒንተሮጀኖው ላይ።
ሞተሩ ተነሳ። አንገቱን ዘንበል አርጎ ሰማ።
አዞረው፣ የጸጉር ያህል። ደግሞ የጸጉር ያህል።
ቮልሷ ሳሏን ተወች፤ ደረቷ ሲከፈት ይሰማል።
ስናየው፣
ከመጽሐፉ ሁለት ዲግሪ ቀድሟል።

«ተሳሳትኩ አይደል?» አለ። የሻረግ ግን፦
«የለም ጋሼ፤ ስስ አየር ቀደም ያለ እሳት ነው የሚለምን።
መጽሐፉን የጻፈው የቆላ አገር ሰው ነው፤
ጎንደርን የሚያውቀው
ጆሮህ ነው።»

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ በዘይታም አውራ ጣት፦
«ሁለት ዲግሪ ቀድሞ። መርዓዊ በጆሮው ያገኛት።»
አንሙት ገለበጠ፤ ፈንታሁንም ጠይቆ ደገመ።
ሽማግሌው ከንፈሩን ላሰና አዘገመ፣
ድንጋዩ ላይ ተመልሶ፣ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ፦
«በል ሂድ፣ ውሃ አምጣ» አለኝ።
ክው አልኩ።
«የዛሬው እንኳን የእውነት ነው፤
ጠምቶኛል።»